በሐር የተጠቀለለ ፒክ

ግቢ ሺዙዮ፣ ግቢ። በሩን መልሺው፣ ሙቀቱ ተከትሎሽ እንዳይገባ። ዘንድሮ የኪዮቶን ነሐሴ ምን ነካው? ሰው በቁሙ እየተቀቀለ ነው እኮ። የአኩሪ አተር ቶፉሽስ እንዴት ነው፣ በዚህ ወበቅ እስከ ቀትር ይቆይልሻል? ጥሩ... ጥሩ። የገብስ ሻይ አለኝ፣ ከቀዝቃዛው ልቅዳልሽ። ደጃፉ ላይ ያለው ጫማ የማን ነው ብለሽ አትጨነቂ፣ እንግዳ አለኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጠው ሩዝ በሻይ እየበሉ ነው። አዎ፣ የባንዳችን ታላቅ፣ እሳቸው ናቸው። ኧረ አታንሾካሹኪ፣ ምን ክፉ ነገር ልናወራ ነው?

ሩዙን እንኳ ለወጉ ያህል ነበር «ላቅርብልዎ?» ያልኳቸው። አንቺ የዚህ ሠፈር ልጅ ነሽ፤ እኛ ዘንድ «ሩዝ በሻይ ላቅርብ?» የተባለ ሰው ሰዓቱን አይቶ ጫማውን ይፈልጋል። እሳቸው ግን ልባቸው ንጹሕ ነው፤ «ደስ ይለኛል፣ በጨው የተዘፈዘፈ ኪያርም ካለ» አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ኪዮቶ ኖሮ እንዲህ ምንም ሳይገባው... ማለቴ ምንም ክፋት ሳይገባው የሚኖር ስንት ሰው አለ? ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ... አይ፣ ጅብ ምን አገባው። ጅብ የጠየቀው ቁርበት ነው፣ ኪያር አልጠየቀም።

ለእሑድ ነው አይደል የመጣሽው? ለጂዞ በዓል? አንገቱ ላይ ቀይ መሐረብ ያሰርንለት ያ የሕፃናት ጠባቂ፣ ድንጋዩ ጂዞአችን ዘንድሮም የሠፈሩን ባንድ ሊሰማ ነው ማለት ነው። ትዕግሥቱን እኮ! እንዴት ነው፣ አንቺ እንደ ዓምናው ከኋላ ነሽ? አሥራ አንድ ዓመት ከኋላ መቆም ጥሩ ነው፣ ጥላ አለው። መክፈቻውን ዜማ እስከ ዛሬ አንድም ቀን መጫወት አላማረሽም? ...ታዲያ ለምን አንገትሽን ትደፊያለሽ? ማማሩ ወንጀል ነው? ቤትሽ በር ላይ ሳልፍ እሰማሻለሁ እኮ፤ ቶፉውን ሸጠሽ ስትጨርሺ ያቺኑ ዜማ ነው የምትመልሺው። አንዳንዴ ቆሜ ሰምቼ ነው የምሄደው፣ የገዛሁት ሽንኩርት እስኪጠወልግ።

እስቲ ለጊታርሽ መምቻ ፒክ እንምረጥ። እጅሽን አሳዪኝ። ውኃ የኖረበት እጅ ነው፣ ለስላሳ፣ ያንሸራትታል። ይሄ ቀጭኑ ላንቺ አይሆንም። ክሩን ይለማመጠዋል እንጂ አይመታውም፤ ትንሽ ጫን ሲሉት ይታጠፋል። ለማጀብ ደህና ነው፣ ዜማ ለመክፈት ግን... አይ። ናይለኑ ደግሞ አይሰበርም፣ ዕድሜ አለው፤ ድምፁ ግን በካልሲ የሚራመድ ሰው ነው። መጣ ወይስ ሄደ አይታወቅም። ይሄኛውን ያዢው እስቲ። ከበደሽ? ወፍራም ነው፣ ጫፉም ደንደን ያለ። እንደዚህ ያለውን ብዙ ትልልቅ ሰዎች ይወዱታል። ምንም ቢመጣ አይተጣጠፍም፣ ምንም ቢነግሩት አይሰማም፣ ክሩ ቢበጠስ እንኳ እሱ ምንም አይሆንም። ጥንካሬ ማለት ይሄ አይደል?

እኔ የሰው ትጋት ደስ ይለኛል። አንዲት የእንግዳዬ ጎረቤት፣ ሕፃን ልጅ ያላት፣ መንገድ ላይ አግኝታቸው «እንዴት ያሉ ትጉህ ነዎት፣ ከሰዓት ከሰዓት ጊታርዎ እስከ እኛ ቤት ይሰማል» አለቻቸው። ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ደንግጦ ይቅርታ ይጠይቃል፣ በማግስቱም ብስኩት ይዞ ይሄዳል። እሳቸው ምን አደረጉ መሰለሽ? የድምፅ ማጉያውን ወደ መስኮቱ አስጠጉላት። ደግ ሰው ማለት እንዲህ ነው፣ ያለውን አይደብቅም። ሕፃኑ አሁን ቀን ቀን አይተኛም ይላሉ... ሙዚቃ ወዳድ ሊሆን ነው መሰለኝ።

ሻይሽን ጠጪ እንጂ።

ይሄ ቤት የጊታር ዕቃ መሸጫ ከመሆኑ በፊት የማበጠሪያ መሥሪያ እንደነበር ታስታውሻለሽ አይደል? ባለቤቴ ኢሳኩ፣ ነፍሱን ይማረው፣ ከድሮ የባሕር ኤሊ ቅርፊት ለዳንሰኞቹ ሴቶች የፀጉር ማበጠሪያ ይሠራ ነበር። ዛሬ ኤሊው አይነካም፣ ደግም ነው። ከመጨረሻው ቅርፊት ትንሽ ቁራጭ ተረፈችው፤ ከዚያች ቁራጭ ሁለት ፒክ አወጣ። አሥር ቀን ፈጀበት። አንዷን ለባንዱ ሰጠ፤ «መክፈቻውን የሚጫወት ሰው በዚህች ይጫወት» ብሎ። ይኸው ነው፣ ሌላ ኑዛዜ የለውም። ከሞተ በኋላ አርባ ዘጠኝ ቀኑ ሲታሰብ ፒኳ ለማን ትሰጥ ተባለ። ወጉን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ለታላቅ ሰው እንሰጣለን፣ ታላቅ ሰው ደግሞ ሦስት ጊዜ «ኧረ እኔ አይገባኝም» ይላል፣ ከዚያ ለሚገባው ያሳልፋል። ያን ቀን ገና «እርስዎ ቢወስዱ...» ብለን ሳንጨርስ ፒኳ ኪስ ገብታ ነበር። ፍጥነት ደግሞ ለጊታር ተጫዋች ያስፈልጋል።

አደራ ጠባቂ ግን ናቸው፣ አይካድም። ቀላል የእንጨት ሣጥን አሠሩላት፣ በነጭ ሐር ጠቀለሏት፣ ከሟች እናት አባታቸው ፎቶ ፊት አስቀመጧት። በዓል ሲደርስ ያወጧታል፣ ከፍ አድርገው ለሕዝቡ ያሳያሉ፣ ሕዝቡ ያጨበጭባል... መልሰው በሐር ይጠቀልሏትና በፕላስቲኩ ይመታሉ። አልሳቅኩም እኮ። አንቺ ለምን ትስቂያለሽ? እንዳታልቅ ሳስተው ነው። በዚህ ወር ስብሰባ ላይ ደግሞ ምን እንዳሉ አንቺም ሰምተሻል፤ ሺዙዮ ትክፈት የሚል ሐሳብ ሲነሣ «የኤሊው ፒክ ያለበት እጅ ይከፍታል፣ ደንብ ነው» አሉ። በቃለ ጉባኤም ይጻፍልኝ አሉ። ጻፍነው፣ ሁላችንም ማኅተማችንን አሳረፍንበት። ቃል ማክበር ከእሳቸው በላይ ማን ያውቃል?

ዛሬ ጧት ሣጥኑን ይዘው መጡ። ለእሑድ እንዳወለውልላቸው ነው። ሪባኑን ፈታሁ፣ ሐሩን ገለጥኩ...

እስቲ ነይ እዪው። እጅሽን ዘርጊ፣ አይነክስሽም፣ የሚነክሰው ጠግቦ ሄዷል። አዎ፣ ብል ነው። ጫፏ የለም፣ መሐሏ ወንፊት ሆኗል። የኤሊ ቅርፊት እኮ እንደ ቆዳና እንደ ሱፍ ነው፣ ብል ይወደዋል። ግን ብል እጅ ይፈራል። በየቀኑ የሚያዝ፣ የሰው ላብ የሚነካው፣ ክር ላይ የሚውል ፒክ ውስጥ ብል አይገባም። ጸጥታና ጨለማ ነው የሚፈልገው። ሐርማ ካገኘ ሠርጉ ነው። በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፣ እውነት ነው፤ በዝግ ሣጥን ግን... እንግዲህ ያየሽውን አይተሻል።

ይህ በማንም ይደርሳል፣ ሰው ይሳሳታል። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አድርገው አገላብጠው አዩዋትና «ቁሱ ከመጀመሪያውም ጥሩ አልነበረም፣ ሥራውም የተቻኮለ ነው» አሉኝ። የኢሳኩን ሥራ ነው፣ ሺዙዮ። አሥር ቀን በአሸዋ ወረቀት፣ ከዚያ በጨርቅ፣ ከዚያ በመዳፉ ሲያሻት የነበረውን። ዓይኑ እየደከመ በጣቱ ነበር የሚያየው። ያን ጊዜ በእውነት ከፋኝ፣ ምን ልበልሽ፣ እንባዬ መጣ። አላዋቂ ሳሚ... ይቅር። እሳቸው ሲናገሩ የማያውቁት ነገር የለም፣ አላዋቂ ማለት ነውር ነው። እንባዬን ዋጥ አድርጌ «አረፍ ይበሉ፣ ሩዝ በሻይ ላቅርብልዎ?» አልኳቸው። የቀረውን ነግሬሻለሁ። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሌላው ደግሞ... ኪያሩ ጨው በዝቶበት ይሆን እንዴ? ውኃ ልስጥዎ ወይ? ...አይሰሙም፣ እያላመጡ ነው።

ሁለተኛዋን አልጠየቅሽኝም።

ሁለት አወጣ አላልኩሽም? አንዷ እዚህ ቀርታለች፣ ከገንዘብ መሳቢያው ውስጥ፣ ከላስቲክና ከቁልፍ ጋር ነው የምትንከባለለው። እኔ እንደ እሳቸው ዕቃ መያዝ አላውቅም። ኢሳኩ ከሞተ ጀምሮ ሱቁን ስከፍት ጊታሩን አንሥቼ ሁለት ዜማ እመታለታለሁ፣ እሱ በሚወደው አቆራረጥ፣ እየተሳሳትኩ። ስጨርስ መሳቢያ ውስጥ እወረውራታለሁ። ሐር የለ፣ ሣጥን የለ፣ የሚያጨበጭብ የለ። እያት፣ በአንድ ጎን አልቃለች፣ በአውራ ጣቴ ልክ ጎድጉዳለች። እንዲህ ነው ግድየለሽ ሴት እጅ የገባ ነገር፣ ያልቃል። ብል ግን አያውቃትም።

ያዢያት። አታጥብቂ፣ ላላ አድርጊ። አየሽ፣ መጀመሪያ ትቀዘቅዛለች፣ ከዚያ የሰውነትሽን ሙቀት ትወስድና ጣትሽ ላይ ትለጠፋለች። የረጠበ እጅ እንኳ አያመልጣትም። ፒክ ስትመርጪ ዋናው ይሄ ነው፤ መያዝሽን ከረሳሽው ያንቺ ነው። እስቲ ያን ጊታር አውርጂውና መክፈቻዋን ሞክሪያት። ቀስ አትበዪ፣ ይሰሙ። እሳቸው ሙዚቃ ይወዳሉ።

...

በቃ፣ በቃ። ተዪኝ፣ ሽንኩርት ስቆርጥ ነበር። ይሄ ድምፅ ነው ከዚህ ቤት ጠፍቶ የነበረው።

እንግዲህ እሑድ የኤሊው ፒክ ያለበት እጅ ይከፍታል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ቃለ ጉባኤው ነው። የእሳቸው ቃል፣ በእሳቸው ማኅተም። ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው ቢሆኑ እሰጋ ነበር፣ ግን እሳቸው ምን ጊዜም እንደማይተጣጠፉ ተነጋግረን የለ? ገና ተናግረን ሳንጨርስ እጃቸውን ዘርግተው እንደተቀበሉ፣ አሁንም ገና ሳንጠይቃቸው ይለቃሉ። ከኋላ ያለውን ቦታ ደግሞ አንቺ አሟሙቀሽዋል፤ ጥላውም ለዕድሜያቸው ይስማማል። ለማጀቢያ ያንን ቀጭኑን ፒክ በነጻ እሰጣቸዋለሁ። ትንሽ መታጠፍ ይለማመዱበታል።

ሳህኑ ድምፅ ሰጠ፣ ጨረሱ መሰለኝ። መጋረጃውም ተነቃነቀ። ሣጥናቸውን እንደ ነበረ አድርጌ፣ ሐሩን ጠቅልዬ፣ ሪባኑን አሳምሬ አስሬ ከጫማቸው አጠገብ አስቀምጬላቸዋለሁ፣ ሲወጡ እንዳይፈልጉት።

ሂጂ አንቺም፣ ቶፉሽ ይጠብቅሻል። ግን ሰው ያለ ምርቃት ከዚህ ቤት አይወጣም። ጂዞአችን እጅሽን ይባርክልሽ፣ ፒኳም እጅሽ ላይ ትለቅ፣ ጨርሰሻት ነይ። ለእሳቸውም ልመርቅላቸው፣ ድምፄን ከፍ ላድርገው፣ ምርቃት አይንሾካሾክም። ጂዞአችን ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው፤ እሳቸው የኢሳኩን ሥራ በጠበቁበት አጠባበቅ፣ ልክ እንደዚያው፣ በሐር ጠቅልሎ፣ በሣጥን አድርጎ፣ የሰው እጅ ሳያስነካ ይጠብቃቸው።