ኪሎው በየት በኩል ተመለሰ? የእትዬ ልኬ ዜና ሕይወት

ከሩቅም ከቅርብም ሥራችሁን ጥላችሁ ኀዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ የእትዬ ልኬን የሕይወት ታሪክ ታናሽ እህታቸው ታነብላችኋለች፤ ድምፄ ቢሰበር ታገሡኝ።

እትዬ ልኬ ከአናጢ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው ሲወለዱ አራት ኪሎ ተኩል ይመዝኑ ስለነበር፣ እናታቸው “ይቺስ በልታ ነው የመጣችው” እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ሲቀልዱባቸው ኖረዋል። ትምህርት ቤት ገብተውም እስከ አሥረኛ ክፍል የተማሩ ሲሆን፣ በሒሳብ ብርቱ፣ በጥያቄ ብዛት ደግሞ መምህራንን የሚያሰለቹ እንደነበሩ አብረዋቸው የተማሩ ይመሰክራሉ።

ከዚያም የልብስ ስፌት ሙያ ተምረው፣ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት አንዲት ክፍል ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። በር ላይ የቆመን ሰው በዓይናቸው ብቻ ለክተው የወገቡን ቁጥር ስለሚናገሩ “ልኬ” የሚለው ስም ወጣላቸው። የመብራት ሠራተኛ ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተውም ሁለት ሴት ልጆች አፍርተዋል።

በአርባ ስድስት ዓመታቸው ጉልበታቸው አልሸከምም ስላላቸውና ስኳር በሽታም ስለተጨመረባቸው፣ በሐኪም ምክር ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና አሳነሱ። በዓመት ተኩል ውስጥ አርባ አንድ ኪሎ ቀንሰው ደስታቸው ወሰን አጣ፤ የድሮ ቀሚሶቻቸውን ለሰው አድለው አዲስ ሰፉ። ለደንበኛ ሁሉ “የነገው አይታወቅም” እያሉ በስፌቱ ውስጥ ሁለት ጣት ትርፍ ጨርቅ የሚያስቀሩት ሴት፣ ለራሳቸው ቀሚስ ግን ምንም ትርፍ አላስቀሩም። በዚህ ስህተታቸው ኋላ ከማንም በላይ የሳቁት እሳቸው ነበሩ።

በአራተኛው ዓመት ኪሎው ሹልክ እያለ መመለስ ሲጀምር፣ ዘመድ አዝማድ “ደብቃ ብትበላ ነው እንጂ!” ብሎ ፈረደ፤ ከፈራጆቹም አንዷ ይህችው ታናሽ እህታቸው ነበረች። ሌላ ሰው ቢሆን አንገቱን ደፍቶ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን ሆዳም መባሉ እያንገበገባቸው፣ ነገሩን ከሥሩ ሳላውቅማ አልሞትም ብለው ተነሡ።

የደንበኛ ልክ የሚጽፉበትን ትልቅ ደብተር ገልብጠው ከኋላ በኩል ምክንያቱን መመዝገብ ጀመሩ። እንደሳቸው ቀዶ ሕክምና አድርገው መልሰው የወፈሩ ስድስት ሴቶች አፈላልገው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ስፌት ቤታቸው እየጠሩ፣ “የእናንተስ በየት በኩል ተመለሰ?” እያሉ ጠየቁ። የባንክ ሠራተኛዋ፣ ሐኪሙ የቆረጠው ሆዴን ነው፣ ንዴቴን ማን ይቁረጥልኝ አለች። አስተማሪዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ደህና ምሳ ትታ ቀኑን ሙሉ ጣፋጭ ስትቆረጥም እንደምትውል ተናገረች። ፀጉር ሠሪዋ የሐኪሟን ቁጣ ፈርታ የሕክምና ክትትሏን አቋርጣ ነበር። አንዷ ደግሞ፣ እኔ ምንም አላጠፋሁ፣ ሰውነቴ የድሮ ኪሎውን ናፍቆ ነው ብላ ሁሉንም አሳቀች። እትዬ ልኬ ግን ይህንንም ሐኪማቸውን ጠየቁ፤ ሰውነት ያጣውን ኪሎ ለማስመለስ በእርግጥ እንደሚታገል ሲነግሯቸው፣ ቃሉን በቀይ እስክሪብቶ ጻፉት። ራሳቸውም ጨርቅ ሲቆርጡ ብስኩት ከአጠገባቸው እንደማይጠፋ አልሸሸጉም፤ አንድ በአንድ አስፍረውታል።

ባለፈው ወር በሳንባ ምች ታመው በሕክምና ሲረዱ ከቆዩ በኋላ፣ በተወለዱ በሃምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ደብተሩን ታናሽ እህታቸው ያገኘችው ትናንት ልብሳቸውን ስታሰናዳ ነው። በአንደኛው ገጽ ላይ፣ “ታናሼ ዛሬ መጥታ፣ ደህና ዋልሽ ሳትለኝ ድስቶቼን አንድ በአንድ እየከፈተች አየች። ከሄደች በኋላ ሳይርበኝ በላሁ። ይህንንም ከምክንያቶቹ አንዱ አድርጌ ልያዘው?” ይላል። ከሥሩም፣ “ልጠይቃት ነበር፤ ግን ይከፋታል” ብለው ትተውታል። ኧረ ምነው ጠይቀውኝ በነበረ! አዎን እትዬ፣ ያዙት።

እትዬ ልኬ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ አንዲት የልጅ ልጃቸውን፣ ስድስቱን የቅዳሜ ጓደኞቻቸውንና ዘግይታ ያመነቻቸውን እህታቸውን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ማንም ሰው በኪሎው በማይዳኝበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናቱን ይስጠን።