ማርያም የሳመቻት

ከዋልዳ ወደ ሞያሌ በሚመለሰው ማታቱ፣ በኬንያው ሚኒባስ ውስጥ፣ ቦታ ጠቦኝ፣ ጉልበቴን በብርድ ልብስ በተጠቀለለ ሰፊ ጣውላ ላይ አስደግፌ ነበር። ከጎኔ የተቀመጡ እናት የጣውላውን ባለቤት ጠየቁት።

«ምንድን ነው ልጄ?»

«የባለቤቴ ምስል ነው። ለአርባዋ ቀርጼ ለእናቷ ወስጄው ነበር።»

«ፖሌ፣ እግዜር ያጽናህ ልጄ፣ ነፍስ ይማር። በእጅህ ቀረጽከው?»

«በኮምፒውተር በሚታዘዝ ማሽን ነው። መብራት ካልጠፋ በስድስት ሰዓት ይጨርሳል።»

«በስድስት ሰዓት ብቻ?»

«መቅረጹማ ቀላል ነው። ፎቶዋን ለማሽኑ ማዘጋጀቱ ነው ሃያ ቀን የፈጀብኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ አያታለሁ፣ መልሼ እዘጋዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን መለስከው?»

«እናቷ ፊቷን በእጃቸው ዳሰሱና ‹ይቺ ልጄ አይደለችም› አሉኝ። ጉንጯ ላይ ማርያም የሳመቻት ጥቁር ነጥብ ነበረች። ደንበኛ አሮጌ ፎቶ ሲያመጣልኝ መጀመሪያ ነጠብጣቡን አጠፋለሁ፣ ሥራዬ ነው። እጄ ለምዶ ያቺንም ነጥብ ጠረጋት።»

«አሁን ብትጨምርባትስ?»

«ማሽኑ እንጨት ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፣ እማማ።»

«እንግዲያው ከፎቶዋ እንደገና ቅረጻታ።»

«የነበረችኝ ፎቶ ያቺው አንዷ ናት። ካጸዳኋት በኋላ በዚያው በዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግኋት፤ የድሮው ጠፋ።»

«አይዞህ፣ ባሏ አይደለህ? ፎቶ ምን ያደርግልሃል? በየትኛው ጉንጯ ነበር?»

«በግራ...» አለ። ማታቱው ብዙ ከሄደ በኋላ፣ «አይ... በቀኝ መሰለኝ» አለ።

ጉልበቴን ከጣውላው ላይ ቀስ ብዬ አነሳሁ።