ፋብሪካችን አይሸጥም ያሉት የወይዘሮ ሞይራ ኪልፓትሪክ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ቤተ ዘመዶች፣ ጎረቤቶችና የወተት አምራች ወዳጆች፤ ይህን ዜና ሕይወት እንዲያነብ የታዘዘው ለአርባ አንድ ዓመታት በአንድ አጥር የተዋሰናቸው ጎረቤታቸው ዴዝሞንድ ሃርቲጋን ሲሆን፣ ትእዛዙን የሰጡትም ራሳቸው ሟቿ ናቸው። «ዴዝ፣ ደግ ነበረች፣ ክፉ ቃል ከአፏ አይወጣም ነበር ብለህ እንዳትዋሽ። ቀብሩንም ጠዋት አምስት ሰዓት አድርጉት፤ ሰው ለአለባ ይድረስ» ብለው አስጠንቅቀዋልና፣ አንባቢው ሁለቱንም ለማክበር የተቻለውን ያደርጋል።

ወይዘሮ ሞይራ አን ኪልፓትሪክ ከአባታቸው ከአቶ አንገስ መንሮና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልስፔት ፍሬዘር እ.ኤ.አ. በ1946 በጊፕስላንድ፣ እዚሁ ባርንጋሪ ተወለዱ። አባታቸው ከጦርነት ተመልሰው መንግሥት ለወታደሮች ካከፋፈለው መሬት ድርሻቸውን ተቀብለው፣ ባሕር ዛፉን በመጥረቢያ እየመነጠሩ ዐሥራ ስምንት ላም ያቆሙ ሰው ነበሩ። የሜልበርን ነጋዴዎች ለወተቱ ያሻቸውን ዋጋ እየቆረጡ ሲያስመርሯቸው፣ አቶ አንገስና ስልሳ ገበሬዎች ባለ አክሲዮን ሆነው በገዛ እጃቸው ጡብ ደርድረው የባርንጋሪን ወተት ፋብሪካ ሠሩ። ያን ጊዜ የሰባት ዓመት ልጅ የነበሩት ሞይራ ለግንበኞቹ ውሃ ያመላልሱ ስለነበር፣ በኋላ ዘመን «ይህን ፋብሪካ እኔ ነኝ የሠራሁት» ሲሉ የሚከራከራቸው አልነበረም፤ ቢኖርም አይደፍርም።

ትምህርታቸውን በዚሁ ከተማ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተከታትለው፣ መምህራቸው በሒሳብ እንዲገፉበት ቢማጸኑላቸውም፣ «ሴት ልጅ ተምራ የት ልትደርስ» በሚባልበት ዘመን ስለነበሩ፣ በዐሥራ ስድስት ዓመታቸው በፋብሪካው የወተት መመርመሪያ ክፍል ተቀጠሩ። ዓመት ሳይሞላቸውም ከቦርዱ አባላት የአንዱ ወተት ውሃ የተቀላቀለበት ሆኖ አገኙት። ሥራ አስኪያጁ በድንጋጤ «አንቺ ልጅ፣ ሰውየው እኮ ትልቅ ሰው ናቸው» ቢሏቸው፣ «እኔ የመረመርኩት ወተቱን ነው፣ ሰውየውን አይደለም» ብለው ውጤቱን ሁሉም በሚያነበው ሰሌዳ ላይ ጻፉት። ሰውየው በቀጣዩ ወር ከቦርዱ ወረዱ፤ እሳቸው ግን በዚያው ክፍል ስድስት ዓመት አገለገሉ።

እ.ኤ.አ. በ1968 ከአቶ ኮሊን ኪልፓትሪክ ጋር ትዳር መሥርተው ሮስሊንንና ግራንትን አፈሩ። አቶ ኮሊን በቀን ከሃያ ቃል በላይ የማይወጣቸው ሰው ስለነበሩ ትዳሩ የሰመረ ነበር። ሁለቱም ተጋግዘው መንጋውን መቶ አርባ አድርሰው ሳለ፣ መንግሥት ለወተት ያስቀመጠውን ዝቅተኛ ዋጋ ሻረ፤ ብዙ ሳይቆይም ሱፐርማርኬቶች ወተትን ከውሃ አርክሰው መሸጥ ጀመሩ። በዚህ መንገድ ዳር ዐሥራ አራት የነበርን ወተት አላቢዎች አምስት ቀረን። አቶ ኮሊን በልብ ሕመም ባረፉ ማግስት፣ ወይዘሮ ሞይራ ጎህ ሳይቀድ ማለቢያው ውስጥ ነበሩ። ይህ አንባቢ ሊያግዛቸው ሄዶ እያለቀሱ ሲያልቡ አገኛቸው፤ «ምን ታፈጣለህ? ያቺን በር ዝጋት» አሉት፤ ዘጋው፤ ሁለቱም አለቡ።

የዛሬ ሦስት ዓመት አንድ የባሕር ማዶ ኩባንያ ፋብሪካችንን ሊገዛ መጣ። ከኮረብታው ማዶ ያለው ሸለቆ ፋብሪካውን ሸጦ በሁለት ዓመቱ ማሽኖቹ ተነቅለው ሲጫኑ ያየ ሰው፣ መሸጥ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል፤ አምራቹ እንደገና የሰው በር ጠባቂ መሆኑ ነው። የምክር ቤት አባላችን፣ ከምርጫው በፊት በየማለቢያው ቦቲ አጥልቀው ፎቶ ሲነሡ ከርመው፣ ከምርጫው በኋላ «ገበያው ይወስን» አሉ። ወይዘሮ ሞይራም በከተማው አዳራሽ ተነሥተው «ገበያው እኔ ነኝ፤ ወስኛለሁ» አሏቸው። ገዢዎቹ ስለሚመጣው ብልጽግና ባለ ቀለም መጽሔት ሲያድሉም፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብለው መጽሔቱን ለጥጃ ቤት መስኮት መወተፊያ አደረጉት።

ቦርዱ ሽያጩን የሚወስነውን ጠቅላላ ጉባኤ የጠራው በረቡዕ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነበር፤ ላም የሚያልብ ሰው ከላሟ ሥር የማይነሣበት ሰዓት መሆኑን እዚህ ለተቀመጠ ማስረዳት አያስፈልግም። መምጣት ለማይችል ባለ አክሲዮን የውክልና ወረቀት ተላከለት። እኛም እንደ ልማዳችን ሳናነብ፣ «እደግፋለሁ» እና «እቃወማለሁ» የሚሉትን ሣጥኖች ባዶ ትተን ፈርመን መለስን፤ ባዶ መተው አለመስማማት መስሎን። ለካስ ባዶውን ሣጥን የሚሞላው ሰብሳቢው ነው፤ ሰብሳቢው አቶ ሚልተን ፔስኮት ደግሞ ሽያጩን የሚደግፉ ሰው ናቸው። ይህን ነገር ከነጥቃቅን ጽሑፉ አንብበው የደረሱበት ወይዘሮ ሞይራ ብቻ ነበሩ። ጉባኤው ሊካሄድ አራት ቀን ሲቀረው ወደዚህ አንባቢ ማለቢያ ገብተው «ዴዝ፣ ፈርመሃል?» አሉ። «ፈርሜያለሁ፣ ግን ባዶውን ነው» አላቸው በኩራት። «አንተ ጅል! አባትህ የደረደረውን ጡብ ለሚልተን ሰጥተህለት አርፈሃል!» ብለው የጮኹት ጩኸት ላሞቹን አስበረገገ።

ወረቀቱን የሚሽር አንድ መንገድ ብቻ ነበር፤ ባለቤቱ በአካል መገኘት። ወይዘሮ ሞይራ በሰባ ስድስት ዓመታቸው በአሮጌዋ ፒክአፓቸው መቶ ሠላሳ ቤት ዞሩ። ያኮረፏቸውን ሳይቀር፣ ለሃያ ዓመት ያላነጋገሯቸውን የባላቸውን ወንድም ሳይቀር ደጃቸው ሄደው፣ «ረቡዕ በሰባት ሰዓት እለቡ፤ ላሟ ብትቆጣችሁ በእኔ አሳቡ» አሉ። ረቡዕ በሰባት ሰዓት ከዳር እስከ ዳር የማለቢያ ሞተር ተነሣ፤ ከሰዓቷ ውጭ የተጎተተች ላም ሁሉ እየጮኸች ሸለቆውን አናወጠችው። በአሥር ሰዓት አዳራሹ ከነቦቲው፣ ከነእበቱ በመጣ ሰው ተጨናነቀ፤ ከሜልበርን የመጡት አማካሪዎች መስኮት ሲከፍቱ ታዩ።

አቶ ሚልተን «ወይዘሮ ኪልፓትሪክ፣ ጥያቄ ካለዎት በአጭሩ ያቅርቡ» አሉ። እሳቸውም ተነሥተው፣ «አንተ ሚልተን፣ የወተት ቤት ልጅ አይደለህም እንዴ? አሥር ሰዓት ላይ እናትህ የት እንደነበረች ጠፍቶህ ነው?» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ሲፈነዳ አቶ ሚልተን ቀልተው «ሰዓቱን የመረጡት አማካሪዎቹ ናቸው» ቢሉ፣ «እንግዲያው ላሞቹንም እነሱ ይለቧቸው!» ብለው ተቀመጡ። ሽያጩ እንዲጸድቅ ከመቶ ሰባ አምስት ድምፅ ያስፈልግ ነበር፤ ሰባ አንድ አገኘ። ፋብሪካው የእኛ ሆኖ ቀረ።

ወይዘሮ ሞይራ በዚያ አልተኩራሩም፤ «ይመለሳሉ፤ የቀመሰ አፍ አያርፍም» ይሉ ነበር። እንዳሉትም ባለፈው የካቲት ገዢዎቹ ዋጋ ጨምረው ተመለሱ፤ በዚያው ወር እሳቸው የቆሽት ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ሐኪሙ ጥቂት ሳምንታት እንደቀራቸው ሲገልጹ፣ የጠየቁት አንድ ጥያቄ «ጉባኤው መቼ ነው?» የሚል ነበር። ጉባኤው የፊታችን ረቡዕ ነው፤ በአሥር ሰዓት። እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ በዚህ ጊዜ ብዙዎቻችን ደክመናል፤ ዋጋውም ዓይናችንን ስቦታል፤ ቆጥረን እንደደረስንበትም ደጋፊው ከመቶ ሰባ አምስቱ ጫፍ ላይ ደርሶ፣ ነገሩ በአንድ ሰው ድርሻ የሚወድቅ ወይም የሚቆም ሆኗል። የአባታቸውና የባላቸው ድርሻ ተደምሮ የነበረው ደግሞ በወይዘሮ ሞይራ እጅ ነው። በሆስፒታል አልጋቸው ላይ «እቃወማለሁ» የሚለውን ሣጥን ሞልተው ፈረሙ፤ ወኪላቸውም ይህ አንባቢ ሆነ፤ ልጃቸው ግራንት ወረቀቱን ለፋብሪካው አስረክቦ ማኅተም አስመታበት። ይህ በተፈጸመ በሦስተኛው ቀን፣ ባለፈው ዓርብ ጎህ ሲቀድ፣ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ዐረፉ። ይህ አንባቢ ለመጀመሪያ ጊዜ ላሞቹን አዘግይቶ አለበ፤ ሰንፎ አይደለም፤ አዝኖ ነው።

አሁን አንድ ማሳሰቢያ አለ። ሕጉ እንደሚለው፣ ወካዩ ቢሞት እንኳ፣ ከድምፅ መስጫው በፊት ሞቱ ለፋብሪካው በጽሑፍ ካልተነገረው በቀር ውክልናው ይጸናል። አቶ ሚልተን በአክብሮት ተገኝተው ሦስተኛው መደዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ እናመሰግናለን፤ ነገር ግን ዓይን ማየቱ፣ ጆሮ መስማቱ ጽሑፍ አይደለም። ይህ ዜና ሕይወት የተጻፈበት ወረቀትም ተነብቦ ሲያበቃ ተመልሶ የአንባቢው ኪስ ውስጥ ይገባል። ፋብሪካው ለላከው የአበባ ጉንጉን ቤተሰቡ የምስጋና ካርድ የሚጽፈው ሐሙስ ነው። ሌሎቻችሁም በአክሲዮን መዝገቡ ላይ ስማችሁ ካለ፣ ረቡዕ በሰባት ሰዓት እለቡ።

ወይዘሮ ሞይራ የአንዲት ሴትና የአንድ ወንድ ልጅ እናት፣ የአምስት ልጆች አያት ሲሆኑ፣ እኅታቸውን ወይዘሮ ጂንን፣ መቶ አርባ ላምና ያልተሸጠ ፋብሪካ ትተው አልፈዋል። እግዚአብሔር ለልጆቻቸውና ለወዳጆቻቸው መጽናናትን ይስጥ፤ የእሳቸውንም ነፍስ በሰላም ያሳርፍ፤ ከረቡዕ ማታ ጀምሮ።