ለጾም የታመመው ባል

አንተ ይህን የምታነብ ሰው፣ ሰኞ ማለዳ ለአለቃህ «ታምሜ ተኝቻለሁ» ብለህ፣ ከዚያ መጽሐፍ ቅዱስህን በብብትህ ሸጉጠህ ጸሎት ቤት ሄደህ ታውቃለህ? ጣሪያውን አትይ፣ መልስ! ሄደህ ከሆነስ በዚያ ቀን የጾምኸውን ጾም ማን የተቀበለልህ ይመስልሃል?

አባባ አምባውን እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ደግሞስ ማን ደፍሮ ይጠይቃቸዋል? በእስራኤል አገር፣ ቤርሼቫ ከተማ ውስጥ በአማርኛ የሚጸልይ የአንድ ትንሽ የክርስቲያኖች ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው። ከጎንደር ከመጡ ጊዜ አንሥቶ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሰው ፎቅ ሲወለውሉ ጀርባቸው ጎብጧል፤ ጥቅሳቸው ግን አልጎበጠም። ከእሳቸው ጋር በጥቅስ የገጠመ ሁሉ ተረትቶ ነው የሚነሣው። ባልና ሚስት ሲጣሉ የሚጠሩት እሳቸው ናቸው፤ የጉባኤውን የጾም ቀን የሚቆርጡትም እሳቸው።

ያን ዕለት አርብ ነበር። ከገበያ ሽንኩርታቸውን በከረጢት ተሸክመው፣ ሰንበት ሳይገባ ወደ ቤታቸው ለመድረስ ታሃና መርካዚት በሚባለው መናኸሪያ አውቶቡስ ይጠብቃሉ። ልባቸው ግን ነገ ላይ ነው። ነገ ቅዳሜ በጉባኤው ፊት አንዲት ሴት ይገሥጻሉ። ሴቲቱ ታማር ትባላለች። ባሏ ቢልልኝ በፋብሪካ አለቃው ፊት አዋረደችኝ ብሎ ቤቱን ጥሎ ወንድሙ ዘንድ ገብቷል። «በጉባኤ ፊት ይቅርታ ካልጠየቀችኝ አልመለስም፤ ትዳሩም ይፍረስ» ብሏል። ያጋቧቸው ደግሞ እሳቸው ናቸው። ያሰሩት ገመድ በእጃቸው ላይ ሲበጠስ እንዴት ዝም ይበሉ?

ሰው የሚሸሸውን ሰው ታሃና መርካዚት ያገኛል። ታማር ራሞት ካለው የአረጋውያን ቤት፣ በነርስነት ከምትሠራበት፣ እየተመለሰች ነበር። አየቻቸው፤ ዞር ብላ ልታልፍም ትችል ነበር። ቀጥ ብላ መጥታ ጎንበስ አለችና ትከሻቸውን ሳመች።

«እንዴት ዋሉ አባባ?»

«እግዜር ይመስገን። ደህና ነሽ?» አሉ ፊታቸውን ሳይፈቱ።

«ነገ እንደሚገሠጽ ሰው ደህና ነኝ።»

አባባ አምባው ሳቃቸው እንዳያመልጥ ጢማቸውን ጎተቱ። «አትቀልጂ! ትዳር እየፈረሰ ይቀለዳል?»

«ካልቀለድሁ አለቅሳለሁ፤ እዚህ ሰው መሀል ደግሞ አያምርብኝም። ይልቅ ከረጢቱን ያምጡና ቁጭ እንበል። የአርብ አውቶቡስ እንደሆነ እንደ ሙሽራ አስጠብቆ ነው የሚመጣው።»

ተቀመጡ። ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ስሚ ልጄ። ባል የሚስት ራስ ነው። ይህን እኔ አላልሁም፣ ሐዋርያው ነው ያለው። አንቺ ራስሽን በፈረንጅ ፊት አዋረድሽ። አሁን ሺሙዓ ጠርተውታል። ሊያባርሩት ሲፈልጉ አስቀድመው "ምን ትላለህ?" የሚሉት እርሱ አይደል? እንጀራችሁን በገዛ እጅሽ ገደል ከተትሽው!»

«ነገሩን ከማን ሰሙት?»

«ከቢልልኝ ነዋ።»

«ከእኔስ?»

ሽማግሌው አውቶቡስ የመጣ ይመስል አንገታቸውን ወደ መንገዱ አሰገጉ።

«"የአንድ ወገን ሰምቶ የሚፈርድ ዳኛ ጆሮው አንድ ነው" ሲሉ የሰማሁት ከእርስዎ አፍ ነው፣ አባባ።»

ይህ ወጋቸው። አዎን፣ ብለውታል፤ ያውም በእሷው ሠርግ ላይ። ስንቱ ሽማግሌ ነው ሌላውን የሚመትርበትን ምሳር በራሱ ጣት ላይ ሳይሞክረው የሚያረጅ!

«እሺ፣ ተናገሪ» አሉ።

«ሰኞ ማለዳ ነው። እርስዎ የሦስት ቀን ጾም ጸሎት ያወጁበት ሰኞ። ቢልልኝ ለሐኪሙ ጀርባዬን አመመኝ ብሎ ማኽላ አውጥቷል፤ በሕመም ፈቃድ ሊጾም ነው። ስልኩ ጮኸ። እሱ ጫማውን እያሰረ በእጁ "አንሺው፣ ትኩሳት ይዞታል በይ" ይለኛል። ጀርባው ነው ወይስ ትኩሳቱ? እሱ ራሱ አላወቀውም። አነሣሁት። የፈረቃው አለቃ ኦሬል ነው። "ቢልልኝ እንዴት አደረ? ሻይ በሎሚ አጠጪው" ይለኛል፣ ከልቡ አዝኖ። ዞር ብዬ ሕመምተኛዬን ባየው ክራቫት አስሯል።»

«ክራቫት?»

«ያውም ቀዩን። ምን ልበል አባባ? "ደህና ነው፣ እዚሁ አለ" ብዬ ስልኩን አቀበልሁት። ሌላ አልተናገርሁም። ድምፁን ማሳል ሲያስተምረው ቢያዩት ኖሮ!»

አባባ አምባው በዚህ ጊዜ ሳቁ። ወዲያው ግን በመሳቃቸው ተናደዱና ወደ ኦሪት ሸሹ። የተቸገረ ሽማግሌ መሸሸጊያው ዘፀአት ነውና።

«የዕብራውያንን ሴቶች ያዋልዱ የነበሩት አዋላጆችስ? ለፈርዖን አልዋሹም? እግዚአብሔርስ መልካም አላደረገላቸውም? ለእግዚአብሔር ሥራ የተነገረ ነገር እንደ ተራ ውሸት አይቆጠርም!»

«አዋላጆቹ ሕፃናት አዳኑ። ቢልልኝ የትኛውን ሕፃን አዳነ?»

«ነፍሱን ነዋ! ለጾም ነው የሄደው፣ ለመጠጥ አይደለም።»

«የሐቅ እረፍት እያለው! በዓመት የሚሰጠው ሆፌሽ ሳይነካ ተቀምጧል። ለምን እንዳልወሰደ ያውቃሉ? ለአጎቱ ልጅ ሠርግና ለአንድ ተዝካር አኑሮታል። ለሠርግ እውነተኛውን ቀን ይሰጣል፤ ለእግዚአብሔር የተሰረቀውን። አቤል እንዲህ ነበር የሠዋው?»

ሽማግሌው ከረጢታቸውን ከአንድ ጉልበት ወደ ሌላው አዛወሩ። ምክንያታቸው ግን ገና አላለቀም፤ የቀረውም ከባዱ ነበር።

«አንቺ ወጣት ነሽ፣ ትምህርትም አለሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እኛ በዚህ አገር እንዴት እንደምንታይ ታውቂያለሽ። "ጌታን ለመለመን እሄዳለሁ" ይበል? ነገ "ሚስዮናዊ" ብለው ስም ያወጡለታል። ሰው ቢፈራ ይፈረድበታል?»

ታማርም ድምጿን ዝቅ አደረገች፤ ይህ ሕመም የእሷም ነበርና። «አይፈረድበትም። እኔም በሥራ ቦታ የማልናገረው ብዙ አለ። ግን እረፍት የሚጠይቅ ሰው ወዴት ትሄዳለህ አይባልም። "ጉዳይ አለኝ" ይበል። እውነት ነው፣ በቂም ነው። ዝም ማለት አንድ ነገር ነው፣ አባባ፤ መዋሸት ሌላ። ደግሞ ውሸቱ በኦሬል ላይ ብቻ ቢያርፍ ኖሮ እኔም ዝም ባልሁ ነበር። በማን ላይ እንዳረፈ ያውቃሉ? በሽሙኤል ላይ።»

«የኛው አገር ልጅ ሽሙኤል? ያ የአይሁድ ኪፓ የሚደፋው?»

«እሱ። ፋብሪካው ውስጥ በርሜሎቹን ወደ መጋዘን የሚገፉት እሱና ቢልልኝ ናቸው። አንዱ በታመመ ቁጥር ሌላው ብቻውን ይገፋል። እርስዎ ጾም ባወጁ ቁጥር ሽሙኤል ብቻውን ነው። በመጨረሻ ትከሻው ወጣ። እኔ ወደምሠራበት የአረጋውያን ቤት እናቱን ሊጠይቅ ሲመጣ እጁን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ አየሁትና "ምን ሆንህ?" አልሁት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "የእናንተ ሰዎች ይጾማሉ፣ የእኔ ትከሻ ይከፍላል። መጾማችሁ ደግ፤ ቀኑን ብቻ አስቀድማችሁ ብትነግሩኝ እኔም እታመም ነበር" አለኝ። እየሳቀ ነው የተናገረው። እኔ ግን መግቢያ ቀዳዳ አጣሁ።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍም። ሽሙኤል የእነሱን እምነት አይወድም፤ አይደብቀውምም። ታዲያ ክርስቶስን ለሽሙኤል የሚሰብክለት ማን ነው? በራሪ ወረቀት? መዝሙር? ሽሙኤል በየቀኑ የሚያነበው አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ እሱም አጠገቡ በርሜል የሚገፋው ቢልልኝ ነው። መጽሐፉ በጾም ቀን ጠፍቶ ሲገኝ አንባቢው ምን ይማር? ሐዋርያው «የምትሠሩትን ሁሉ ለጌታ እንደምትሠሩ በትጋት ሥሩት» ሲል ስለ ስብከት ብቻ የተናገረ የሚመስለው ካለ መጽሐፍ ቅዱሱን ገልጦ ይመልከት፤ የተናገረው ለባሮች ነው፣ ሸክም ለሚገፉ ሰዎች!

አባባ አምባው ግን ሽማግሌ ናቸውና በቀላሉ አልለቀቁም። «የሽሙኤል ነገር ያሳዝናል። ቢሆንም ባልሽ አዘዘሽ። ሚስት ለባሏ ትገዛ ተብሏል። ኃጢአቱ ቢኖር የእሱ ነው፤ አንቺ ታዘሽ ነጻ በወጣሽ ነበር።»

ሰንበት የያዛቸው ሰዎች «ሻባት ሻሎም» እየተባባሉ በፊታቸው ይሮጣሉ። ታማር ቀስ ብላ ጠየቀች።

«አባባ፣ የሐናንያ ሚስት ማን ነበረች?»

«ሰጲራ» አሉ ሳያስቡት።

«ባሏ መሬት ሸጦ ከዋጋው ደብቆ ዋሸ። እሷስ?»

«እሷም... እንዲያው እንደሱ አለች።»

«ታዘዘችው ማለት ነው። ራሷ ነውና። ታዲያ ጴጥሮስ "ለባልሽ ተገዝተሻል፣ ነጻ ነሽ" አላት? ለብቻዋ አቁሞ ነው የጠየቃት። "ስለ ምን ተስማማችሁ?" ነው ያላት። በባሏ ጥላ ሥር አልሸሸጋትም። ኦሬል ሲደውል እኔንም ለብቻዬ ነው የጠየቀኝ፤ ስልኩ በእኔ እጅ ነበር። ባል ራስ ነው ይላሉ። እሺ፣ ራስ ይሁን! ክርስቶስ ራስ ሆኖ ለአካሉ ሞተላት እንጂ "ስለ እኔ ዋሺልኝ" ብሎ አልላካትም።» ድምጿ ተሰበረ። «ቢልልኝን እወደዋለሁ፣ አባባ። ልጆቹ ማታ ማታ "አባ መቼ ነው የሚመጣው?" ይሉኛል። ነገ ይቅርታ ብጠይቅ ይመለሳል። ግን ለምኑ ነው ይቅርታ የምጠይቀው? ይህን ይንገሩኝና ዛሬውኑ እጠይቃለሁ።»

አባባ አምባው አፋቸውን ከፈቱ፤ ጥቅስም ፈለጉ። ያገኙት ጥቅስ ግን ያልጠሩት ነበር። ኢሳይያስ መጣባቸው፦ በጾማችሁ ቀን ፈቃዳችሁን ታደርጋላችሁ፣ ሠራተኞቻችሁንም ታስጨንቃላችሁ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሰብከውታል! ሲሰብኩት ግን ሁልጊዜ በባለጸጎች ላይ፣ በዖሜር ሰፈር በግቢያቸው ዛፍ ባበቀሉት ላይ ነበር። ሽሙኤልን ማን አስጨነቀ? ሰኞን የመረጠ ሰው። ሰኞን ማን መረጠ? ጡረተኛ ሰው፤ ሰኞም ረቡዕም ለእሱ አንድ የሆነለት፣ ጠዋት የሥራ መግቢያ ካርድ የማይመታ ሰው።

አውቶቡሱ መጣ። ከረጢቱን እሷ ያዘችላቸው። ሲወርዱ «ነገ እንዳትቀሪ» አሏት። እሷም ፍርዱ የጸና መሰላትና ራሷን ነቅንቃ ከረጢቱን አቀበለቻቸው።

ቅዳሜ ጉባኤው ሞልቶ ነበር። ወሬ የጸሎትን ያህል ሰው ይሰበስባል። ታማር ከሴቶቹ ኋላ ተቀምጣለች፤ ከአጠገቧ ያሉት ትንሽ ፈቀቅ ብለውላታል። ቢልልኝ ከፊት ነው። ቀዩን ክራቫት አስሯል፤ ፊቱ ግን የከሳ፣ እንቅልፍ የራቀው ሰው ፊት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ጾሙን ከልቡ ይጾማል፤ ሲጸልይ እንባው ይፈሳል። ሥራውና ጸሎቱ በአንድ ጌታ ፊት መሆናቸውን ያስተማረው ሰው ብቻ አልነበረም።

አባባ አምባው ተነሡ።

«ዛሬ እህታችንን እንድገሥጽ ቀጥራችሁኛል። አልገሥጻትም።»

ማጉረምረም ሆነ። እጃቸውን አነሡ።

«ቆዩ፣ ልጨርስ! ሰኞ ጾሙ ብዬ ያወጅሁት እኔ ነኝ። ሠራተኛ ሰው እንዴት እንደሚመጣ አልጠየቅሁም፤ መምጣታችሁን አይቼ ደስ አለኝ። ከእንግዲህ የጋራ ጾማችን ፋብሪካው በሚዘጋበት በአርብ ይሆናል፤ የምሽት ጸሎታችንም ሥራ ከተፈታ በኋላ። በሥራ ቀን መጾም የሚሻ ከዓመት እረፍቱ ይውሰድ። ለሠርግ የምንሳሳለትን ቀን ለጌታ እንስጥ! ለጾም ግን ማንም አይታመም። ይህን ብናደርግ ምን እናገኛለን? የምንበላው እንጀራ ጉሮሯችን ላይ አይቆምም። ልጆቻችን "አባ ቤት የለም በል" ከሚል አፍ ጸሎት አይማሩም። በእውነት የታመመ ወንድማችን "አመመኝ" ሲል ይታመናል። ሚስት ለባሏ ስትታዘዝ ሳትፈራ ትታዘዛለች፤ ወደ ውሸት አይልካትምና። ሽሙኤልም ስማችን ሲነሣ ትከሻውን አያሽም።»

ከሴቶቹ በኩል አንዲት አሮጊት «አሜን!» አለች፤ ማንም አልተከተላትም። ሁሉም ወደ ፊተኛው ወንበር ያይ ነበር።

ሽማግሌው ከመድረኩ ወረዱና በቢልልኝ ፊት ቆሙ። ድምፃቸው አልጨከነም፤ ግን አልለዘበም።

«ቢልልኝ፣ ልጄ፣ ተነሥ። ሺሙዓው ቀን ብቻህን አትገባም፤ እኔም አብሬህ እገባለሁ፣ የእኔንም ድርሻ እናገራለሁ። ሽሙኤልም ቤት አብረን እንሄዳለን። ቢያባርሩህ ይህ ጉባኤ አይጥልህም። ነገር ግን ሚስትህን በጉባኤ ፊት ከሰሃታልና በጉባኤ ፊት ትመልሳለህ። ታማር ስልኩን ስታቀብልህ ታመህ ነበርን? ወደ እኔ አትይ፣ ወደ እሷ ዙር። ከኋላ የተቀመጡት እንዲሰሙህ ድምፅህን ከፍ አድርገህ መልስ!»