አሮን ይበልጣል እንዳሉ የኖሩት አቶ እንግዳወርቅ

የተወደዳችሁ ለቀስተኞች፣ ከለንደን ሰፈሮች ከሃርልስደንም ከካምደንም ሥራችሁን ትታችሁ አቶ እንግዳወርቅን ልትሸኙ የመጣችሁ ወገኖች፤ ይህን ዜና ሕይወት ለማንበብ የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው አቶ ብርሃኑ ጠይቀው ነበር። የሟች ባለቤት ወይዘሮ አልታየሽ ግን፣ አቶ ብርሃኑ ከሟች ጋር በሕይወት ሳሉ ያወሩት ይበቃቸዋል ብለው ለሟች የእኅት ልጅ ለሮማንወርቅ ስለ ሰጡ፣ እነሆ በእርሷ አንደበት ይነበባል።

አቶ እንግዳወርቅ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ማርያም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤልፍነሽ በ፲፱፻፵፭ ዓ.ም. በደሴ ከተማ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስም በዚያው ከተማ ትምህርት ቤት ገብተው፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ሳሉ አንድ አሜሪካዊ መምህር ዱላና ጥቂት የቆዳ ጓንቶች ይዞ በመምጣቱ፣ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ከክፍል ጓደኛቸው ከአቶ ብርሃኑ ጋር ተማሩ። አቶ ብርሃኑ ወርዋሪ፣ እርሳቸው መቺ ነበሩ። ኳሷን መትቶ ከሜዳው አጥር ባሻገር መጣል ሆምራን ይባላል፤ አቶ እንግዳወርቅም አንድ ቀን የአቶ ብርሃኑን ውርወራ እንዲያ አድርገው መትተው ኳሷን ባቄላ ማሳ ውስጥ ስለ ጣሏት፣ ሌላ ኳስ አልነበረምና ቡድኑ ሁሉ ሲፈልጋት ዋለ። አቶ ብርሃኑ የወሰዳት ነፋስ ነው ብለው እስከ ዛሬ አላመኑላቸውም።

በ፲፱፻፷፮ ዓ.ም. አገሩ ሁሉ ስለ አብዮት ሲያወራ፣ ሁለቱ ወጣቶች በአጭር ሞገድ ሬዲዮ ጥቁሩ አሜሪካዊ ሀንክ አሮን የነጩን የቤብ ሩትን የሆምራን ክብረ ወሰን መስበሩን ሰሙ፤ ከሁለቱ ማን ይበልጣል የሚለው ክርክራቸውም ያን ጊዜ ተጀመረ። አቶ ብርሃኑ፣ ሩት ሌላው መምታት ባልለመደበት ዘመን ብቻውን ከብዙ ቡድን በላይ የመታ፣ ለመምታት የቆመበትም ጊዜ ከአሮን በጣም ያነሰ ነው ይላሉ። አቶ እንግዳወርቅ በበኩላቸው፣ ሩት ጥቁር ወርዋሪ በማይገባበት ሊግ የመታ ሲሆን፣ አሮን ግን እንገድልሃለን የሚል ዛቻ እየጎረፈለት እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው ነው ይላሉ።

ከዚያም የዘመኑ መከራ ሁለቱንም በሱዳን በኩል አሰድዷቸው ለንደን ገቡ፤ አቶ ብርሃኑ ሆስፒታል ውስጥ ሕሙማንን በማመላለስ፣ አቶ እንግዳወርቅ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በአውቶቡስ ሾፌርነት በትጋት አገለገሉ። ሕዝቡ በእግር ኳስና በክሪኬት በሚያብድበት በዚህ ከተማ ስለ ሆምራን የሚያወራቸው ስላልነበረ፣ አንዱ ለሌላው ብቻ ቀረ። አቶ ብርሃኑ በአቶ እንግዳወርቅ አውቶቡስ ሲሳፈሩ ከሾፌሩ አጠገብ ቆመው እየተከራከሩ፣ መውረጃቸውን አልፈው እስከ መጨረሻው ፌርማታ ይሄዱ ነበር።

በ፲፱፻፹ ዓ.ም. አቶ እንግዳወርቅ ከወይዘሮ አልታየሽ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ኪልበርን በሚባለው ሰፈር ጎጇቸውን ቀለሱ። አንደኛ ሚዜው አቶ ብርሃኑ ነበሩና፣ ከቤተ ክርስቲያን ወደ አዳራሹ በሚወስደው መኪና ውስጥ ሁለቱ ወዳጆች ሙሽራዋን መሀል አስቀምጠው፣ በቬሏ ላይ ተንጠራርተው ስለ ሩትና አሮን ሲከራከሩ ደረሱ። ወይዘሮ አልታየሽ በሠርግ ፎቶግራፋቸው ሁሉ ላይ የተኮሳተሩት ስለዚህ ነው።

ጌታም ሔኖክንና ብፅዓትን ሰጣቸው፤ አቶ እንግዳወርቅም ልጆቻቸውን የሚወዱ፣ ሚስታቸውን ክፉ ቃል ተናግረው የማያውቁ ደግ አባወራ ነበሩ። ሆኖም ወይዘሮ አልታየሽን ያንገበገባቸው ይኸው ደግነት ነው። እቤት ውስጥ እሺ፣ መልካም፣ እንዳልሽው ከማለት በቀር ቃል የማይወጣቸው ሰው፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አቶ ብርሃኑ ሲመጡ ዓይናቸው በርቶ፣ ድምፃቸው ጎልቶ፣ ጠረጴዛ እየደበደቡ ሌላ ሰው ይሆናሉ። ቅናት ነበር፤ ሌላ ስም የለውም። ባላጋራዬ ሴት ብትሆን መላ አላጣላትም ነበር እያሉ ወይዘሮ አልታየሽ ራሳቸው ለጎረቤት ያማርሩ ነበር። ሔኖክ ካደገ በኋላ አንድ እሑድ፣ ከሁለቱም በላይ የመታው ባሪ ቦንድስ መሆኑን ኢንተርኔት ላይ ቼክ አድርጎ ሲናገር፣ ሁለቱ ባላንጣዎች፣ በመድኃኒት ጉልበት መታ የሚባል ሰው አይቆጠርም ብለው በአንድ ቃል ተነሡበት፤ እናቱንም የባሰ ያበሸቃቸው የዚያን ዕለቱ ስምምነት ነው።

በመጨረሻ ወይዘሮ አልታየሽ ቆርጠው፣ ብፅዓት ከላይብረሪ ባመጣችላቸው መጽሐፍ ጨዋታውን ተማሩ። ከዚያም ምሳ አቅርበው፣ አሮን ከሩት የሚበልጥበትን ምክንያት ለባለቤታቸው አሳምረው አስረዱ። አቶ እንግዳወርቅ በደስታ ሰምተው፣ ልክ ነሽ አሉና ወደ ምሳቸው ተመለሱ። ወይዘሮ አልታየሽ ያን ያህል ለፍተው ያገኙት ልክ ነሽን ብቻ ስለሆነ፣ ወጥ ቤት ገብተው አለቀሱ።

ባለፈው ዓመት አቶ እንግዳወርቅ በልብ ድካም ታመው ካምደን በሚገኝ ሆስፒታል ተኙ። እንደ ልማዳችን ሐኪሞቹ የነገሩን ከእርሳቸው ተደብቆ፣ ጠያቂው ሁሉ ደህና ነዎት እያለ ይመላለስ ጀመር። አቶ ብርሃኑም ከታማሚ ጋር ሙግት ነውር ነውና፣ አልጋው አጠገብ ቆመው «እንግዳ፣ አንተ ነህ ልክ፤ አሮን ይበልጣል» አሉ።

ሐኪሞቹ ነግረውን ከእርሳቸው የተደበቀው ሁሉ በዚህች ቃል ተነገራቸው። አቶ እንግዳወርቅ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ምግብም ንግግርም እምቢ አሉ። ወይዘሮ አልታየሽ፣ አቶ ብርሃኑ በገዛ አፋቸው ከወዳጃቸው በመራቃቸው መጀመሪያ ደስ እንዳላቸው አይክዱም፤ ወዲያው ግን ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ እየሄዱባቸው መሆኑን አይተው ደነገጡ። ወንበራቸውን ወደ ግድግዳው በኩል አዙረው ፊት ለፊታቸው ተቀመጡና «ብርሃኑ ፈርቶ ነው እንጂ የሚበልጠው ሩት ነው። ያንተን አሮን ያገነነው የጨዋታ ዕድሜው መርዘሙ ነው» አሏቸው።

አቶ እንግዳወርቅ ዓይናቸውን ገለጡ። ትራስ እንዲደረግላቸው ጠየቁ፤ መከራከሪያ ጉልበት ስላስፈለጋቸውም የቀረበላቸውን ሾርባ ጠጡ። ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ በየቀኑ ሲሟገቱ ይውሉ ስለነበር፣ ነርሶቹ የተጣሉ መስሏቸው ብፅዓትን ጠርተው ጠይቀዋታል። አቶ ብርሃኑ መጥተው ሩትን ልደግፍ ቢሉም፣ አቶ እንግዳወርቅ አንተ ተሸንፈሃል፣ እኛ እንጨርስ ብለው መለሷቸው። አቶ ብርሃኑ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው የሁለቱን ድምፅ በበሩ በኩል ሲሰሙ፣ ወይዘሮ አልታየሽን ያን ሁሉ ዘመን የበላቸው ቅናት በተራው እርሳቸውን በላ። ወይዘሮ አልታየሽም በሩን አልዘጉትም፤ እንዲሰሙላቸው ይፈልጉ ነበር።

በመጨረሻዋ ዕለት የጠያቂ ሰዓት ሲያበቃ፣ ወይዘሮ አልታየሽ አሮን እንደ ሩት ጥቂት ጊዜ ብቻ ለመምታት ቢቆም ኖሮ ክብረ ወሰኑን ይደርስበት ነበር ወይ ብለው ጠየቋቸው። አቶ እንግዳወርቅ ፈገግ ብለው «እሱን ነገ እመልስልሻለሁ። እንዳትቀሪ» አሏቸው። ወይዘሮ አልታየሽ በማግሥቱ ከሁሉም ቀድመው ሲደርሱ አልጋው ተነጥፎ ጠበቃቸው።

አቶ እንግዳወርቅ ባለቤታቸውን ወይዘሮ አልታየሽን፣ ልጆቻቸውን ሔኖክንና ብፅዓትን፣ እኅታቸውንና የእኅታቸውን ልጅ ትተው አልፈዋል። የአቶ ብርሃኑ ስም ከወንድም ተራ እንዲጻፍ ወይዘሮ አልታየሽ ፈቅደዋል፤ እርሳቸው ከባለቤት ቀጥሎ ይሁን ቢሏቸው ግን እምቢ ብለዋል። የማያልፍ ዕረፍት ያለው አምላክ የአቶ እንግዳወርቅን ነፍስ በቅዱሳኑ ኅብረት ያሳርፍልን፤ ለቤተሰባቸውና ለወዳጃቸው መጽናናትን፣ ለወይዘሮ አልታየሽም መልሱን ከባለቤታቸው አፍ እስኪሰሙ ድረስ የመቆየት ብርታት ይስጥልን። አሜን።