የእማዬ እንትፍታ

እናንተዬ፣ አንድ በጋ በስደት በምንኖርበት አርችዌይ ሰፈር ያለችውን ትርፍ ክፍላችንን ለአንዲት ካናዳዊት ቴኒስ ተጫዋች አከራየናት። ገና ማንም የማያውቃት ለጋ ልጅ ነበረች። ለመጀመሪያው ትልቅ ግጥሚያዋ ራኬቷን አንግታ ስትወጣ እማዬ በሩ ላይ አስቆመቻት። መዳፏን ያዘችና "እንትፍ! እንትፍ! ጠላትሽን ከእግርሽ ስር ይጣልልሽ!" ብላ መረቀቻት። ልጅቷ ክው አለች። እኔማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ! "ሶሪ፣ ብለሲንግ ነው" ብዬ ሶፍት ላቀብላት ስል እማዬ ተቆጣች። "ተይ! ምርቃት አይጠረግም። ይልቅ አሜን እንድትል ንገሪያት!" ልጅቷ "አሜን" አለችና እየሳቀች ወጣች።

ማታ ተሸንፋ መጣች። "የታል ምርቃትሽ?" ብዬ እማዬን ባሾፍባት፣ "ምርቃት ባቡር ነው እንዴ በሰዓቱ የሚመጣው? ይደርሳል!" አለችኝ።

እማዬ ካረፈች ቆየች። በቀደም ያቺው ልጅ ለዋንጫ ስትጫወት በቴሌቪዥን አየኋት። የመጨረሻዋን ኳስ ልትለጋ ስትል መዳፏን ወደ አፏ አስጠጋችና እንትፍ፣ እንትፍ አደረገችበት። ጋዜጠኛው "ላቧን እያደረቀች ነው" ይላል። እኔ ግን ከሶፋው ብድግ ብዬ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን "አሜን!" አልኩ።