ባለ አራት ገጹ ተግሣጽ

ጡረተኛው መምህር ጠዋት ከፎቶ ኮፒ ቤት ሲወጡ፣ ወደ ሥራ ስትጣደፍ ከነበረችው የጎረቤታቸው ልጅ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ነርስ ናት፤ እሑድ እሑድ የሚያመልኩትም አብረው ነው።

"እንደምን አደሩ ጋሼ? ምን ይዘው ነው?"

"የመካኒኩ ነገር ነው ልጄ። አሥራ አንድ ወር ሙሉ መጠጥ ትቶ፣ ይኸው ተመልሶ ገባበት። አምስት እሑድ ከጸሎት ቤት ቀረ። እንደ ጉባኤያችን ልማድ፣ በሽማግሌነቴ ተግሣጽ ጽፌለታለሁ።"

ወረቀቱን ተቀብላ ገለጥ ገለጥ አደረገች። ጥቅሶቹ ሁሉ በቀይ ተሰምረዋል።

"አራት ገጽ! የኛ ዶክተሮች እንኳ በሁለት መስመር ነው የሚያዙት።"

"አታሹፊ። ቃሉ ነው።"

"ቃሉስ ቃሉ ነው። ቀዩ እስክሪብቶ ግን ፈተና የወደቀ ተማሪ አስመሰለው።"

የመምህሩ ጆሮ ጋለ። ለአርባ ዓመት ሲያርም የኖረ እጃቸው ሳያስቡት ያሰመረው ነበር። ቢሆንም አልተረቱም።

"ታዲያ ዝም ልበል? ነገ ሌላውም ይደፍራል እኮ።"

"ዝም አይበሉ፤ ይሂዱ እንጂ። ጴጥሮስ በካደ ጊዜ ጌታ ደብዳቤ ላከበት? ዓሣ ጠብሶ ቁርስ አበላው፤ ከዚያ በኋላ ነው ያናገረው። አደራም ሰጠው።"

"ሄጄስ ምን እለዋለሁ?"

"እርስዎ ሲወድቁ ማን እንዳነሳዎት ይንገሩት።"

መምህሩ ወረቀቱን ከእጇ መልሰው ወሰዱ። በጉባኤያቸው የሚመሰከረው ድል ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ውድቀቱን ሲያወራ ተሰምቶ አያውቅም። እሳቸው ግን ከትምህርት ቤት ዳይሬክተርነት የተነሱ ጊዜ አምላካቸውን አኩርፈው፣ ሰባት ወር ጸሎት ቤት አልረገጡም። አንድ አናጢ ብቻ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ፣ ስለ ጸሎት ቤት ትንፍሽ ሳይል እስኪመለሱ ድረስ ዳማ ያጫውታቸው ነበር።

"አኩርፌ ሰባት ወር ስቀር፣ ሰው የሚያውቀው ታምሜ እንደነበር ነው" አሉ ቀስ ብለው። "ይህን ከሰማ ይንቀኛል።"

"እርስዎ ክብርዎን ሲጠብቁ እሱ ብቻውን ቀረ፣ ጋሼ።" ወዲያው ደነገጠች። "ይቅርታ፣ ደፈርኩዎት።"

"ደፍረሻል። ልክም ነሽ።" ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ወደ ጋራዡ አቀኑ።

ከአንድ መኪና ሥር የመካኒኩ እግር ብቻ ይታያል።

"ወረቀት ከሆነ ጎማው ላይ ያኑሩልኝ" አለ መካኒኩ ድምፃቸውን ሲሰማ።

"የምሰጥህ ወረቀት የለኝም። እኔ ራሴ ሰባት ወር ከጸሎት ቤት የጠፋሁበትን ታሪክ ልነግርህ ነው የመጣሁት።"

የመፍቻው ድምፅ ቀጥ አለ። መካኒኩ በግራሶ እንደተለወሰ ተንሸራቶ ወጣ።

"እርስዎ?"

"እኔ። መቀመጫ አለህ?"

ባዶ ጀሪካን ገልብጦ አቀረበላቸው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ጉባኤ ለተሰናከለ ሰው ደብዳቤ መላክ ቀርቷል፤ ወድቆ የተነሳ አንድ ሰው ይመደብለታል። አፍረው ቀርተው የነበሩ ሁለት ሦስት ሰዎች ተመልሰዋል፤ የሚያጽናኑትም ቢሆኑ የራሳቸውን ሸክም አቅልለዋል። መካኒኩ ዳግመኛ መጠጥ አልቀመሰም ማለት ግን ውሸት ይሆናል። ከወራት በኋላ አንድ ቀን ተሸነፈ። በማግስቱ ማለዳ ከነሥራ ልብሱ መጥቶ የመምህሩን በር አንኳኳ።